ደራሲው በሄርማታ፣ አንባቢው ወዴት?

ገበያ ምን እንደሆነ ለሄርማታ ሰው ላስረዳ ብሎ መነሣት «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረቻት» እንደሚያሰኝ አይጠፋኝም። ቢሆንም ውድ አንባቢ፣ ነገሬ ስለ መጻሕፍት ስለሆነ ከገበያው መጀመር ግድ ሆኖብኛል። ገበያ ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው ዕቃ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ወሬ ይመለሳል። ባለፈው ሐሙስ ቡና የሸመተ ነጋዴ በሚቀጥለው ሐሙስ ይመጣና «ያኛው ቡናህ እኮ አልደረቀም ነበር» ይላል፤ ወይም «ያንኑ ድገመኝ» ይላል። ሻጩ ቢቆጣም ቢደሰትም ያቺን ቃል ይዞ ወደ ቀዬው ይመለሳል። የሚመጣው ዓመት ቡና የሚሻሻለው በዚያች ቃል ነው።

መጽሐፍስ? ደራሲው ጻፈ፣ ማተሚያ ቤቱ አተመ፣ ሻጩ ሸጠ፣ አንባቢው አነበበ። ከዚያስ? ያነበበው ሰው ምን አለ? ያለው ነገር ለደራሲው ደረሰው ወይ? ሁለቱ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቀንና ቦታ ነበራቸው ወይ? የአማርኛ ልብ ወለድ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ይኸን ጥያቄ ግን አዘውትረን አንጠይቅም። የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ሲጻፍ የደራስያኑና የመጻሕፍቱ ስም ይደረደራል፤ አንባቢው ደጅ ይቀራል። እስቲ ዛሬ እሱን ወደ ቤት እናስገባው። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ሄርማታ ያደርሰናል።

፩

ሄርማታ የዛሬው የጅማ ከተማ እናት ናት። ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ከፋ በሚዘልቀው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ላይ የተቀመጠች ገበያ ስለነበረች ስሟ ከከተማው ስም ይቀድማል። ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ገበያው ከታች ሜዳው ላይ። በደህና ቀን እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብባት እንደነበር ተጽፏል። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ አሞሌ ጨውና ጨርቁ እዚያ ይለዋወጣል። ይኸን ስናወራ ግን ልንዘለው የማይገባ አንድ መራራ ነገር አለ፤ በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከከፋና ከዚያም ወዲያ ካለው አገር እየታደኑ የሚመጡ ወንድና ሴት፣ ሕፃን ሳይቀር፣ በሄርማታ በኩል ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ያልፉ ነበር። ይኸን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መጽሐፍም ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። በጅማ መስጊዶች ዙሪያ ደረሳዎች ቁርኣንና ፊቅህ ይቀሩ ነበር። በመውሊድ ጊዜ ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ይዜማል፤ ተሰብሳቢውም ይቀበላል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ በዚያ ሥርዓት አንባቢ ማለት ብቻውን ጥግ ይዞ ዓይኑን የሚያንከራትት ሰው አልነበረም። የሚያነበውና የሚሰማው አንድ ቤት ተቀምጠው ድምፃቸው ይገናኝ ነበር። በሰሜኑም በቅኔ ማኅሌቱ ተማሪው ቅኔውን ያቀርባል፤ መምህሩና ጓደኞቹ እዚያው ያርሙታል፣ ያደንቁታል፣ አንዳንዴም ያስቁበታል። እንግዲህ የሰሚ መልስ የባህላችን ክፍል ነበር ማለት ነው። የታተመ መጽሐፍ ሲመጣ ይኸ መልስ ምን ደረሰበት?

፪

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የታተመው ሮም ከተማ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ስሙም «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል፤ በኋላ ዘመን ብዙ ሰው «ጦቢያ» እያለ የሚጠራው ነው። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በ1860 ዓ.ም. ገደማ ዘጌ የተወለደ፣ ማለትም በጣና ሐይቅ ዳር ቡና በሚበቅልባት ምድር ያደገ ሰው ነው። ኢጣልያ ሄዶ ሥዕል ተማረ፤ ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማረ፤ የአማርኛ ሰዋስውም ጻፈ።

የልብ ወለዱ ታሪክ በአጭሩ ይኸ ነው። አንድ የጦር አለቃ በጦርነት ተሸንፎ ይማረካል። መንታ ልጆች አሉት፣ ዋሕድና ጦቢያ። አንድ ደግ ነጋዴ የአባትየውን ማስለቀቂያ ይከፍላል። ዋሕድ ውለታ ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ሲወጣ ራሱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ አገር ላገር ትንከራተታለች። ነገሩ ተወሳስቦ ተወሳስቦ በደስታ ያልቃል።

አሁን ያያዝኳችሁን ነጥብ መልሱልኝ። መጽሐፉ ሮም ሲታተም ሄርማታ ገና የባሪያ ገበያ የሚታወስባት አገር ነበረች። ሰው ታስሮ ሲነዳ ያየ፣ ልጁን የተነጠቀ፣ ራሱም ተሽጦ የተረፈ ሰው በየመንደሩ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የዋሕድን ታሪክ ተነቦለት ቢሰማ ምን ይል ነበር? «እንዲህ ነው፣ ልክ ነው» ይል ነበር? ወይስ «አይ ጌታዬ፣ እኛን ማን ደግ ነጋዴ ሊያስለቅቀን መጣ?» የአፈወርቅ መጽሐፍ ስለ ባርነት ከሚያውቁት ሰዎች እጅ አልደረሰም፤ የነሱም ቃል ለአፈወርቅ አልደረሰውም። ደራሲው ሮም ነው፣ መጽሐፉ ሮም ነው፣ ነገሩ የደረሰበት ሰው ግን ሄርማታ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወለድ ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ወሬው የሚመለስበት መንገድ፣ ገና አልተጠረገም ነበር።

፫

ያም ሆኖ አፈወርቅ አንድ ትልቅ አንባቢ አልታጣለትም። ያውም ለልብ ወለዱ ሳይሆን በ1901 ዓ.ም. እዚያው ሮም ላሳተመው «ዳግማዊ ምኒልክ» ለተባለው የታሪክ መጽሐፉ ነው። አንባቢው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላል፤ ዓድዋ አካባቢ የተወለደ፣ በጀርመን አገር የተማረ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፉ ስለ አፈወርቅ መጽሐፍ ያለውን ሐሳብ አስፍሯል።

የገብረ ሕይወት አስተያየት እስከ ዛሬ ድረስ ልንማርበት የሚገባ ነው። ስድብ አይደለም፤ ውዳሴም አይደለም። የሰውየውን አማርኛ ያደንቃል። ነገር ግን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የተደረገውን አስተውሎ የሚመለከት አእምሮ፣ ሳያዳላ የሚፈርድ ልቡና፣ የጠራ የቋንቋ ችሎታ ያስፈልገዋል ይላል። የአፈወርቅ መጽሐፍ ሚዛኑ ያጋደለው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ምኒልክን ሲያነሣ ያወድሳል፣ ዮሐንስን ሲያነሣ ያንኳስሳል። እንግዲህ በዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መባቻ ላይ አንባቢ ለደራሲ የሰጠው ሐቀኛ መልስ ይኸውና። «ቋንቋህ ያምራል፤ ፍርድህ ግን ያዳላል» ማለት ነው በእኛ አነጋገር።

ታሪክ ቀልደኛ ነውና ኋላ ሁለቱም፣ በተለያየ ጊዜ፣ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ፣ የገበያ ሹም ነው። ሁለቱም የዕቃውን ሚዛን ያውቁ ነበር። የቃሉን ሚዛን የጠበቀው ግን አንደኛው ነው።

የአፈወርቅን ፍጻሜ ሁላችንም ባንወደውም ማወቅ አለብን። ወደ አገሩ ተመልሶ በልዩ ልዩ ሥልጣን ካገለገለና በሮም የኢትዮጵያ መንግሥት መልእክተኛ ከሆነ በኋላ፣ ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ከወራሪው ጎን ተሰለፈ። «አፈ ቄሳር» የሚል ማዕርግም ተሰጠው። ጠላት ከተባረረ በኋላ ለፍርድ ቀርቦ የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለትና በግዞት ወዴት የተላከ ይመስላችኋል? ወደ ጅማ! እዚህ ዓይኑ ታወረ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 እዚሁ ሞተ። በቡና ምድር ተወልዶ በቡና ምድር አረፈ።

ይኸ ነገር ሳስበው ያስደንቀኛል፣ ያሳዝነኛልም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ በመጨረሻው ዘመኑ ከአንባቢዎቹ አገር መጣ፤ ግን እስረኛ ሆኖ፣ ማንበብም መጻፍም የማይችል ዓይነ ስውር ሆኖ መጣ። ጦቢያን የፈጠረ ሰው የባሪያ ገበያ ከነበረችው ከሄርማታ ጥግ ተቀመጠ። ደራሲና አንባቢ በአካል የተቀራረቡት ውይይት በማይቻልበት ሰዓት ነበር።

አንዳንድ ሰው «የአፈወርቅ ጥፋት የፖለቲካ ነው እንጂ የሥነ ጽሑፍ አይደለም» ሊል ይችላል። እኔ ግን የገብረ ሕይወትን አስተያየት ደጋግሜ ሳስብ ሌላ ነገር ይታየኛል። አንባቢው በ1912 (እ.ኤ.አ.) ያየው ሕጸጽ፣ ማለትም ኃይል ወዳለበት ማጋደል፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሙሉ ሰውነት ለብሶ ብቅ አለ። በመጽሐፉ ለጌታው ያዳላው ብዕር በኋላ ለአዲስ ጌታ አዳላ። ገብረ ሕይወት ነቢይ አልነበረም፤ ጥሩ አንባቢ ነበር። ጥሩ አንባቢ ደራሲው ስለ ራሱ ያላወቀውን ያውቃል። ይኸ ነው እንግዲህ የአንባቢ ቃል ዋጋው። ከመጽሐፍ ሽያጭ ጋር የሚያያዝ ተራ ነገር አይደለም፤ አንዳንዴ ሰውን ከውድቀት ሊያተርፍ የሚችል ነገር ነው።

፬

አሁን ደግሞ ከጅማ ብዙም ሳንርቅ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ እንሻገር። በተመሳሳይ ዘመን በተቃራኒው መንገድ የሄደ ደራሲ እዚያ አለና። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ምድር ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት ተዳረገ፤ ምፅዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ። ከአስቴር ጋኖ ጋር በመተባበር በኦሮምኛ መጻሕፍት አዘጋጀ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ አገር ታተመ። አስቴርም እንደሱ በባርነት ያለፈች ሴት ናት።

የአፈወርቅ መጽሐፍ የባርነትን ታሪክ ከሩቅ ሲነግረን ኦኔሲሞስና አስቴር ግን ታሪኩን ኖረውታል። ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ኦኔሲሞስ አውሮፓ የታተመውን መጽሐፍ ወደዚያው ወደ ሕዝቡ ማድረስ አለብኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሰ፤ ቦጂ፣ ኋላም ነቀምት ተቀምጦ ማንበብ አስተማረ። የሚቃወሙት ሰዎች ተነሡበት፤ ማስተማሩ የተከለከለበትም ጊዜ ነበር። እሱ ግን ከአንባቢዎቹ አልራቀም። አንባቢ ባይኖር አንባቢ የሚያፈራ ደራሲ ማለት ይኸ ነው። ሃይማኖታዊ አቋሙን ብንቀበልም ባንቀበልም፣ በአካባቢያችን ታሪክ መጽሐፉን ይዞ ወደ ሰዉ የሄደ ደራሲ ብለን ስሙን ማንሣት ይገባናል።

፭

ሦስተኛው ሰው ሀዲስ ዓለማየሁ ናቸው። እሳቸውንም ያነሣኋቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንገዳቸው በዚሁ በእኛ አካባቢ ስላለፈ ነው። ጎጃም ተወልደው ያደጉት ሀዲስ በወረራው ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። ጦሩ ከሰሜን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ አብረው ነበሩ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጅማንና ከፋን በሚለየው በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት በጠላት እጅ ወደቁ። ሀዲስም ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ።

ልብ በሉ! አንዱ ደራሲ ከኢጣልያ ተነሥቶ በመጨረሻ ጅማ ታሰረ፤ ሌላው ከጎጀብ ተነሥቶ ኢጣልያ ታሰረ። ታሪክ ሁለቱን ደራስያን እንዲህ አሻግራ አሳለፈቻቸው።

ሀዲስ ነጻ ወጥተው፣ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ካገለገሉ በኋላ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሣን የማያውቅ ማን አለ? ግን እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ዋጋው ለሁሉ አይቀመስም፤ ማንበብ የሚችለውም ሰው በዚያን ጊዜ ጥቂት ነበር። ታዲያ እንዴት ሆኖ የገበሬው፣ የወታደሩ፣ የቡና ለቃሚውም ታሪክ ሆነ?

መልሱ ሬዲዮ ነው። በደርግ ዘመን የመድረክ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት በተከታታይ አነበበው። አነበበው ማለት ያንሳል። ፊታውራሪን ሆኖ ይቆጣል፣ ጉዱ ካሣን ሆኖ ያሽሟጥጣል፣ ሰብለን ሆኖ ያለቅሳል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ሰዓቱን ጠብቆ ሬዲዮ ያለበት ቤት ይሰበሰብ ነበር። መጽሐፉ ያን ጊዜ ወደ አሮጌው ባህሉ፣ ወደ መውሊዱና ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ተመለሰ፤ አንድ ሰው ያነባል፣ ቤት ሙሉ ሰው ይሰማል፣ ሲያልቅ ክርክሩ ይቀልጣል። «ጉዱ ካሣ እብድ ነው ወይስ ብልህ?» «ሰብለ ቀድማ መጥፋት አልነበረባትም?» ይባላል። ዛሬም ቢሆን ካሴቱን ሰምቶ ሙሉውን ታሪክ በቃሉ የሚነግርህ፣ መጽሐፉን ግን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሽማግሌ አጋሮም ሰቃም አይጠፋም።

ግን ሬዲዮ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። በየቤቱ የቀለጠው ክርክር እዚያው በየቤቱ ቀረ። ያን ሁሉ አስተያየት የሰበሰበው፣ የጻፈው፣ ለደራሲው ያደረሰው አልነበረም። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ምሁራን የጻፉት ብዙ ነው፤ የቡና ለቃሚዋ ሴትዮ ስለ ሰብለ ወንጌል ያለችው ግን የትም አልተመዘገበም። ይኸ ኪሳራ የማን ነው? የሷም፣ የደራሲውም፣ የእኛም ነው።

፮

እስካሁን ያየነው ወሬው የሚመለስበት መንገድ ያልተጠረገበትን ጊዜ ነው። መንገዱ ሆን ተብሎ የተዘጋበትም ጊዜ አለ።

በእኛው በተማሪዎች ታሪክ እንጀምር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ በኮሌጁ ቀን የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር። ገጣሚው ቆሞ ያነባል፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ባለሥልጣኑ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ተቀምጠው ይሰማሉ። ጭብጨባውና ዝምታው እዚያው ነው። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥም ሲያቀርብ ተማሪው በደስታ ተቀበለው፤ ባለሥልጣኖቹን ግን ቅር አሰኘ። ከዚያ በኋላ በግጥሞቹ ላይ ቁጥጥሩ ጠበቀ። ለምን ይመስላችኋል? ግጥሙ ወረቀት ላይ ቢቀር ያን ያህል ባላስፈራ ነበር። ያስፈራው የሰሚው መልስ ነው፤ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ገጣሚና ሰሚ መግባባታቸው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያማል። በዓሉ ግርማ የጎረቤታችን የኢሉባቦር ልጅ ነው። «ከአድማስ ባሻገር»ን፣ «የህሊና ደወል»ን፣ «ደራሲው»ን የጻፈ፣ አንባቢ ያፈራ ሰው ነበር። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ታተመ። መጽሐፉ በኤርትራ ስለ ተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነበርና መንግሥት ወዲያው ከገበያ ሰበሰበው። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ እስከ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም።

ታዲያ መጽሐፉ ተሰበሰበ ማለት አልተነበበም ማለት ነው? በጭራሽ! በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሰው ሌሊቱን አንብቦ ጠዋት ለጓደኛው ያስረክብ ነበር። አንባቢው ሥራውን ሠርቷል። ነገር ግን ያነበበ ሰው «አንብቤዋለሁ» ማለት አይችልም፤ ስለዚህ ወሬው አይመለስም። በዓሉ አንባቢው ስለ «ኦሮማይ» ያለውን በወጉ ሳይሰማ ቀረ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ታትሟል፤ አንባቢዎችም በግልጽ እየጻፉበት ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ደብዳቤው መጣ፣ ተቀባዩ ግን የለም።

ከኅትመት በፊት የሚደረገው የሳንሱር ሥርዓት በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «እንግዲህ መንገዱ ተከፈተ» አለ። ተከፍቷል ወይ?

፯

የዛሬውን ሁኔታ እንየው። መጽሐፍ ሲወጣ ምረቃ ይደረጋል። አዳራሽ ይሞላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ደራሲው ይፈርማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ጥሩ ነው፤ ሰው በመጽሐፍ ምክንያት መሰብሰቡ በራሱ ደስ ይላል። በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይካሄድ የነበረውና «ጦቢያ» የሚል ስም የያዘው የግጥምና የጃዝ ምሽት ወጣቱን ወደ ግጥም በመሳብ ብዙ ሠርቷል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።

ግን አንድ ነገር ታዘቡ። በምረቃ ቀን መጽሐፉን ያነበበ ሰው የለም፤ ገና ዛሬ ነዋ የወጣው! ስለዚህ የሚነገረው ሁሉ ምስጋና ነው። በመጽሐፉ ጀርባ ሽፋን ላይ የታወቁ ሰዎች አስተያየት ይታተማል፤ እሱም ምስጋና ነው። ደራሲው «የአንባቢ አስተያየት» ብሎ የሚያነብልን ደብዳቤም አብዛኛውን ጊዜ «እጅዎን ይባርከው» የሚለው ነው። ሌላው ደብዳቤስ? ገብረ ሕይወት ለአፈወርቅ የጻፈውን ዓይነት? እሱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ምስጋና ብቻ የሚሰማ ደራሲ ማለት «ያንኑ ድገመኝ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ «አልደረቀም» የሚለውን የማይሰማ የቡና ሻጭ ማለት ነው። መጨረሻው አያምርም።

አንባቢው መናገር ይፈልጋል። ካላመናችሁ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ግቡና አንድ የተነበበ ልብ ወለድ ግለጡ። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ውሸት!» «እኔንም ደርሶብኛል» «እዚህ ላይ አለቀስኩ» የሚል ታገኛላችሁ። ጥፋት ነው፣ መጽሐፍ ያበላሻል፤ ግን ሌላ የሚጻፍበት ቦታ ያጣ አንባቢ ድምፅ ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ «አስተያየትዎን በዚህ አድራሻ ይላኩልኝ» የሚል ደራሲ ሞልቷል፤ አንባቢው ግን ማን ይሰማኛል ብሎ ይተወዋል።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ጅማ ዛሬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1952 በተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤትና በ1983 በተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም ላይ ቆሞ በ1999 ዩኒቨርሲቲው ተመሠረተ። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ አለ፤ ሄርማታ ደግሞ ከግቢው ብዙም አትርቅም። የሚጎድለው ሁለቱን የሚያገናኝ ቀን ነው።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንደኛ፣ ደራሲ ስንጋብዝ መጽሐፉ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይሁን፤ የምንጋብዘውም አንብበን ከጨረስን በኋላ ይሁን። ሁለተኛ፣ ንባቡ በግቢው አዳራሽ ብቻ አይወሰን። ሄርማታ ላይ፣ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ሰርቦ ላይ ቡና በሚፈላበት ቤት ይነበብ። ቡናችን ሦስት ዙር አለው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በአቦል ይነበብ፣ በቶና ሰሚው ይናገር፣ በበረካ ደራሲው ይመልስ። አማርኛውን ለማይሰማ በኦሮምኛ የሚያስረዳ ሰው ይኑር፤ በኦሮምኛ የተጻፈውም እንዲሁ ይነበብ። ሦስተኛ፣ ዋናው ይኸ ነው፣ የተባለው ሁሉ ይጻፍ። «ያነበበችው የቡና ለቃሚ እንዲህ አለች» ተብሎ ይመዝገብ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ አንባቢውን ደጅ አያስቀረውም ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ንባብም መጽሐፍ አለኝ፤ «ልብ ወለድ ታሪክ»። አፈወርቅ እዚህ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆነው። ሰውየውን ማወደስ አያስፈልገንም፤ ፍርድ ተሰጥቶበታል። ነገር ግን የዋሕድ የባርነት ታሪክ ሮም ከታተመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሄርማታ ላይ ጮክ ተብሎ ቢነበብ፣ አያቶቻቸው ያንን ገበያ የሚያስታውሱ ሰዎች ምን ይላሉ? ደራሲው አይሰማም። ለእኛ ግን የሚነግሩን ነገር አላቸው፤ ከአሁን በኋላ ስለ ሰው መከራ የሚጽፍ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይኸንን ጽሑፍም ቢሆን እንዳነበብክ ዝም ብለህ አትለፈው። ጻፍልኝ። የተስማማህበትን ተወውና ያልተስማማህበትን ጻፍ። ቡናው ካልደረቀ «አልደረቀም» በለኝ።